በጦርነት ጊዜ ብቻውን ስለሚቆም መሪ

ጦርነት በተነሣ ጊዜ የአንድ አገር ሕዝብ ልብ አንድ እንዲሆን ይፈለጋል። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ያሉት አባቶቻችን ይህን ነገር በእሳት ውስጥ አልፈው ያወቁት ስለሆነ፥ ማንም ሰው ቃላቸውን ሊያቃልለው አይችልም። ነጋሪት ከተጐሰመ በኋላ ወደ ኋላ የሚል፥ ሠራዊት ከዘመተ በኋላ የሚከራከር ሰው ለጠላት በር እንደ ከፈተ ይቈጠራል። ነገር ግን በየዘመኑና በየአገሩ ሕዝቡ ሁሉ ወደ አንድ ወገን ሲተም፥ ኀላፊነት ከተሸከሙት መካከል አንድ ወይም ሁለት ሰዎች ብቻቸውን ወደ ሌላው ወገን ዞረው ሲቆሙ ታይተዋል። እንዲህ ያለው መሪ፥ ሕዝብ የጠላውን እምነት ይዞ በመጽናቱ ክብር ይገባዋልን? ወይስ አይገባውም? ዛሬ ከአንባብያን ጋራ ልንመረምረው ያሰብነው ጥያቄ ይህ ነው።

ወደ ነገሩ ከመግባታችን አስቀድሞ አንድ ነገር መለየት ያስፈልጋል። ማክበር ማለት መስማማት ማለት አይደለም። በአገራችን የሙግት ሥርዐት ሁለት ባላጋራዎች በዳኛ ፊት ቆመው ሲከራከሩ፥ ከሁለቱ አንደኛው መረታቱ አይቀርም፤ የተረታው ሰው ግን ዕዳውን ከፍሎ ከነክብሩ ወደ ቤቱ ይመለሳል እንጂ፥ ተረታ ተብሎ ልብሱ አይገፈፍም። አሳብን መጣል አንድ ነገር፥ የአሳቡን ባለቤት ማዋረድ ሌላ ነገር ነው። ብዙ ጊዜ የምንሳሳተው እነዚህን ሁለቱን በአንድ ቋት ስለምንከታቸው ነው።

ምሳሌውን ከታሪክ እንውሰድ፤ የውጭውን አገር ዘመን በአውሮፓውያን፥ የአገራችንን ግን በራሳችን አቈጣጠር እንጠቅሳለን። ወይዘሪት ጃኔት ራንኪን ሞንታና ከሚባለው የአሜሪካ ክፍል በ1916 ዓ.ም. ተመርጠው ወደ ሕግ መምሪያ ምክር ቤት የገቡ፥ በዚያ አገር ምክር ቤት ታሪክ የመጀመሪያይቱ ሴት እንደራሴ ነበሩ። በኤፕሪል 1917 ዓ.ም. ወንበራቸውን ከያዙ ሳምንት እንኳ ሳይሞላቸው፥ አገራቸው በጀርመን ላይ ጦርነት ታውጅ እንደሆነ ድምፅ ተሰጠ። 373 ሰዎች ይታወጅ አሉ፤ 50 ሰዎች ግን አይሆንም አሉ። ከ50ዎቹ አንዷ ወይዘሪት ራንኪን ነበሩ። በሚከተለው ዓመት ለሕግ መወሰኛ ምክር ቤት ለመግባት ደክመው ሳይመረጡ ቀሩ። ከ20 ዓመት የሚበልጥ ጊዜ ከምክር ቤት ርቀው ከቈዩም በኋላ በ1940 ዓ.ም. እንደገና ተመረጡ።

እነሆም ዲሴምበር 7 ቀን 1941 ዓ.ም. የጃፓን አውሮፕላኖች ፐርል ሃርበር በሚባለው የባሕር ኀይል ሰፈር ላይ በድንገት ወርደው 2,400 ያህል አሜሪካውያንን ገደሉ። በማግስቱ ምክር ቤቱ ጦርነት ለማወጅ ተሰበሰበ። ሙታን ገና ባልተቀበሩበት ሰዓት በተሰጠው ድምፅ 388 ሰዎች ይታወጅ ሲሉ፥ አይሆንም ያለው አንድ ድምፅ ብቻ ነበር፤ እርሱም የእኒያው ሴት ድምፅ ነው። ከአዳራሹ በወጡ ጊዜ ቍጡ ሰዎች ስለ ከበቧቸው፥ ከስልክ መነጋገሪያ ክፍል ገብተው በሩን በላያቸው ዘጉ፤ የምክር ቤቱ ፖሊሶች መጥተው እስከ ቢሯቸው ሸኟቸው። ከዚያ ወዲያ ለምርጫ አልቀረቡም።

በዚያ ሁሉ ቍጣ መካከል፥ በካንሳስ የኤምፖሪያን ጋዜጣ ያዘጋጁ የነበሩት ዊልያም አለን ኋይት የጻፉት ነገር ሊታሰብ የሚገባው ነው። እኒህ ሰው ጀርመንን ለሚዋጉት አገሮች ርዳታ እንዲሰጥ አስቀድመው ማኅበር አቋቁመው የደከሙ ስለ ነበሩ፥ ከወይዘሪት ራንኪን አሳብ ጋራ በምንም ነገር አይገናኙም። ይህንም ሳይሸሽጉ ጻፉ። ቀጥለው ግን የሴትዮዋ ሥራ የጀግና ሥራ ነው ሲሉ መሰከሩ። እንግዲህ አሳቡን ጥሎ ሰውን ማክበር በቃል ብቻ የሚነገር ሳይሆን በሥራም የሚቻል መሆኑን ከዚህ እንረዳለን።

ለመሆኑ የወይዘሪት ራንኪን አሳብ እውነት ነበርን? እኛ ኢትዮጵያውያን ነበረ ለማለት ይቸግረናል። በ1928 ዓ.ም. ወራሪ ጦር ድንበራችንን ጥሶ ከአውሮፕላን የመርዝ ጢስ ሲያዘንብብን፥ በጄኔቭ የተሰበሰቡት መንግሥታት ስለ ሰላም ተናገሩ እንጂ አላዳኑንም። ግፈኛን በጦር የሚመልሰው ካልተገኘ ግፉ እንደማይቆም ከመጽሐፍ ሳይሆን ከራሳችን መከራ ተምረናል። ስለዚህ እኒህ ሴት በእኛ ሚዛን ተሳስተዋል። ሆኖም ስሕተታቸው ከንጹሕ ልብ የመጣ፥ ዋጋውንም በራሳቸው ላይ የጠራ ስሕተት ነው። በ1917 ዓ.ም. ያሉትን በ1941 ዓ.ም. ደገሙት፤ በ1968 ዓ.ም. በ87 ዓመታቸው ስለ ቬትናም ጦርነት በዋሽንግተን ሰልፍ ሲመሩም ያንኑ አሉ። ያ ያልተቀበላቸው ምክር ቤት በ1985 ዓ.ም. ሐውልታቸውን በቤቱ ውስጥ አቆመ። ሐውልቱ ግን ለተቀበሩት ነው፤ የእኛ ጥያቄ በስልኩ ክፍል ውስጥ በሩን ዘግተው ስለ ቆሙት ሴት ነው።

ሁለተኛው ምሳሌያችን እንግሊዛዊው ሚስተር ራምሴ ማክዶናልድ ናቸው። በኦገስት 1914 ዓ.ም. የሠራተኞች ፓርቲ እንደራሴዎች ሊቀ መንበር ሳሉ፥ አገራቸው ወደ ጦርነቱ መግባት አልነበረባትም ብለው በፓርላማ ተናገሩ፤ ጓደኞቻቸው ጦርነቱን ለመደገፍ ስለ ወሰኑ ሥልጣናቸውን ለቀቁ። ይሁን እንጂ ጦርነቱ አንድ ጊዜ ከተጀመረ እንግሊዝ ድል እንድትሆን ይፈልጉ ነበርና፥ ወጣቶች ለአገራቸው ጥሪ መልስ እንዲሰጡ የሚል ደብዳቤ ለመራጮቻቸው ጻፉ። ይህ ሁሉ ግን አልረዳቸውም። ሆሬሺዮ ቦተምሊ የተባለ የጋዜጣ ባለቤት፥ ሰውየው በሕጋዊ ጋብቻ ያልተወለዱ መሆናቸውን ለማሳየት የልደት ምስክር ወረቀታቸውን በጋዜጣው ላይ አተመው። በትውልድ አገራቸው የነበሩበት የጎልፍ ማኅበርም ከአባልነት ሰረዛቸው። በ1918 ዓ.ም. ምርጫ ወንበራቸውን አጡ። በ1922 ዓ.ም. ቦተምሊ በማጭበርበር ተፈርዶበት ወደ ወህኒ ሲወርድ፥ ማክዶናልድ በዚያው ዓመት ወደ ፓርላማ ተመለሱ፤ በጃንዋሪ 1924 ዓ.ም. ደግሞ ጠቅላይ ሚኒስትር ሆኑ።

ከዚህ ታሪክ የምንማረው ጊዜ ለሁሉ ይፈርዳል ብሎ መጽናናትን ብቻ አይደለም። ዋናው ነገር ሌላ ነው። ማክዶናልድ እንግሊዝ ወደ ጦርነት መግባት አይገባትም ባሉ ጊዜ፥ ተገቢው መልስ ለምን መግባት እንደሚገባት ማስረዳት ነበር፤ የቤልጅግን መወረር አንሥቶ የሚናገር ሰው ጠንካራ መልስ ነበረው። የእናት ጋብቻ ለዚህ ምን መልስ ይሆናል? ሰውን የሚያዋርድ ሰው ብዙ ጊዜ ከክርክሩ የሚሸሽ ሰው ነው። በጦርነት ጊዜ ደግሞ አንድ አገር ከሁሉ ይልቅ የሚያስፈልጋት አሳቧን መርምራ የያዘች መሆኗ ነው፤ የተቃዋሚውን ቃል ሰምታ ከመለሰችለት ምክንያቷ ይጠነክራል፥ አፉን ከዘጋችው ግን ምክንያቷን ራሷም ሳታውቀው ትቀራለች።

በዚህ ጊዜ ከአንባብያን መካከል «እንደዚህ ከሆነ በእምነቱ የጸና ሁሉ ሊከበር ነውን?» ብሎ የሚጠይቅ አይታጣም። ጥያቄው ትክክለኛ ነው። ኖርዌያዊው ቪድኩን ኩዊዝሊንግ፥ ኤፕሪል 9 ቀን 1940 ዓ.ም. ጀርመኖች አገሩን በወረሩበት ቀን፥ መንግሥት መሥርቻለሁ ብሎ በራዲዮ ዐወጀ፤ ከወራሪዎች ጋራ ሠርቶ በ1945 ዓ.ም. ተፈርዶበት በጥይት ተገደለ። እርሱም ብቻውን የቆመ፥ ሕዝብ የጠላው ሰው ነበር። በአንጻሩ ማርሻል ፔተን በ1940 ዓ.ም. በፈረንሳይ ሥልጣን ሲይዙ ብዙው ሕዝብ እንደ አባት ተቀብሏቸው ነበር፤ በ1945 ዓ.ም. ግን በክሕደት ተፈረደባቸው። እንግዲህ ብቻ መሆን እውነተኛ አያሰኝም፤ በብዙ ሰው መወደድም እንዲሁ። ጽናት ለብቻው በጎ ጠባይ አይደለም፤ በቅሎም በእምቢታዋ የጸናች ናት።

ታዲያ የሚከበረውን ጽናት ከማይከበረው በምን እንለየዋለን? እኛ ሦስት ሚዛኖች ይታዩናል። አንደኛው፥ የእምነቱን ዋጋ የሚከፍለው ማን እንደሆነ ማየት ነው፤ ባለ እምነቱ ሥልጣኑንና ስሙን ቢያጣበት አንድ ነገር ነው፥ ሥልጣን ቢያገኝበት ግን ሌላ ነው። ሁለተኛው፥ ቃሉን በአደባባይ ተናግሮታልን ወይስ በጓዳ ከጠላት ጋራ ተዋውሎበታል የሚለው ነው። ሦስተኛው፥ ሕዝብ በሕግ ከወሰነ በኋላ ውሳኔውን ያከብራልን ወይስ ያፈርሳል የሚለው ነው። ወይዘሪት ራንኪንና ማክዶናልድ በሦስቱም ሚዛን ቢመዘኑ አይቀሉም፤ ኩዊዝሊንግ ግን በአንዱም አይቆምም።

ከዚህ ሁሉ የሚከብደው ሥልጣን በእጁ የያዘ መሪ ነገር ነው። በምክር ቤት አይሆንም የሚል ሰው የሚያጠፋው የራሱን ዕድል ነው፤ የሚያዝ ሰው እምነት ግን የሌላውን ደም ያስከፍላል። በሚያዝያ 1928 ዓ.ም. ከማይጨው ጦርነት በኋላ፥ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ወደ ጄኔቭ ይሂዱ ወይስ በአገር ውስጥ ሆነው ይዋጉ በሚለው ነገር በአዲስ አበባ ምክር ተደርጎ፥ 21 ሰዎች ይሂዱ፥ 3 ሰዎች አይሂዱ ብለው ተለያዩ። አፄ ቴዎድሮስ በ1860 ዓ.ም. በመቅደላ፥ አፄ ዮሐንስ በ1881 ዓ.ም. በመተማ በወደቁባት አገር፥ ንጉሥ በሕይወቱ ወደ ባዕድ ምድር ይሄዳል መባሉ ለብዙ አርበኛ ጆሮ የሚከብድ ነገር ነበር። ንጉሠ ነገሥቱ ሚያዝያ 24 ቀን ሄዱ፤ ሰኔ 23 ቀን በመንግሥታት ማኅበር ፊት የአገራቸውን ግፍ ተናገሩ። ሦስቱ ሰዎች ስለ አገር ክብር ተናገሩ፤ ሃያ አንዱ ስለ አገር ክስ አሰቡ። ሁለቱንም ወገን የሚያከብር ሰው ታሪክን ያጐደለ አይመስለንም። ደግሞም ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. ወደ አዲስ አበባ በተመለሱ ቀን፥ ሕዝቡ በክፉ ፈንታ ክፉ እንዳይመልስ አዘዙ። በየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. እልቂት አባቱን ያጣ ልጅ ያን ትእዛዝ በምን ልብ ሰምቶት ይሆን? ለመስማት የሚመር፥ ነገር ግን ያላመረረውን የጠላት ወገን ሕይወት ያተረፈ ትእዛዝ ነበር።

ስለ መሪው ይህን ያህል ካልን ስለ ሕዝቡም መናገር ይገባናል። ልጇን ወደ ጦር ሜዳ የሸኘች እናት፥ ዘመቻው ከንቱ ነው ለሚላት ሰው እጇን እንድታጨበጭብ ማንም ሊጠይቃት አይችልም። ልትቈጣ፥ ልትመልስለት፥ በምርጫ ልትጥለው መብቷ ነው፤ የሞንታና ሕዝብና የማክዶናልድ መራጮች በድምፃቸው ያደረጉትን እኛ በደል አንለውም። በደሉ ከዚያ ወዲያ ያለው ነው። ፈረንሳዊው ዣን ዦሬስ ጦርነቱ እንዳይነሣ ሲደክሙ ጁላይ 31 ቀን 1914 ዓ.ም. በፓሪስ ምግብ ቤት ተቀምጠው ሳለ በጥይት ተገደሉ፤ ገዳያቸው በ1919 ዓ.ም. በነጻ ተለቀቀ፤ በ1924 ዓ.ም. ደግሞ ዐፅማቸው የአገሪቱ ታላላቆች ወደሚያርፉበት ፓንቴዎን በክብር ተወሰደ። በሕይወት ሳሉ የተነፈጉትን ክብር ዐፅማቸው አገኘው። «እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» እንላለን፤ እስኪነጋ ድረስ ሰውየውን ካልጠበቅነው ግን ንጋቱ ለእርሱ ምን ይጠቅመዋል?

ይህን ሁሉ ስንጽፍ እኛ ራሳችን ንጹሓን ሆነን አይደለም። በሰሜን አገራችን ጦርነት በነበረበት ጊዜ፥ በ2014 ዓ.ም. በምንሠራበት መሥሪያ ቤት መዋጮ ለመሰብሰብ ስብሰባ ተደርጎ ነበር። የክፍላችን ኀላፊ የነበሩት ሰው ተነሥተው፥ ለቈሰለውና ለተፈናቀለው ከደመወዛቸው እንደሚሰጡ፥ ነገር ግን ወንድማማቾች ጠባቸውን በዚህ መንገድ ይጨርሱታል ብለው እንደማያምኑ በትሕትና ተናገሩ። ማንም አልመለሰላቸውም። ከማግሥቱ ጀምሮ ሻይ ስንጠጣ ከጠረጴዛቸው ተነሣን። ከመካከላችን አንዱ የትውልድ ስፍራቸውን እያነሣ ሹክ አለ፤ እኛም ሰማን፥ ተው አላልነውም። ሰውየው እንደ ወትሮው በሰዓታቸው እየገቡ፥ መዝገባቸውን እያጠሩ ሥራቸውን ሠሩ። ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. በፕሪቶሪያ የሰላም ስምምነት በተፈረመ ጊዜ ሄደን አንድ ቃል ልንነግራቸው አሰብን፤ አፍረን ቀረን። ዛሬ በጡረታ ላይ ናቸው።

እውነቱ በማን ዘንድ እንደ ነበረ ለመፍረድ ይህን አላነሣነውም። ስለ ጦርነቱ ከእርሳቸው ጋራ ላንስማማ እንችል ነበር፤ ምናልባትም ዛሬ ብንነጋገር በብዙ ነገር አንስማማም። ነገር ግን መልስ ልንሰጣቸው ሲገባ ወንበራችንን አዞርንባቸው፤ የእንግሊዙ ጋዜጣ በልደት ወረቀት ያደረገውን እኛም በዝምታችን አደረግነው። ስለ ሩቅ አገር መሪዎች መፍረድ ቀላል ነው፤ ፈተናው በሻይ ጠረጴዛ ዙሪያ ነው።

ስለዚህ የተጠየቀውን ስንመልስ፥ በጦርነት ጊዜ ሕዝብ የጠላውን እምነት የያዘ መሪ፥ ዋጋውን ራሱ የሚከፍል፥ በአደባባይ የሚናገርና ሕግን የሚያከብር እስከ ሆነ ድረስ፥ አሳቡ ቢጣል እንኳ ክብር ይገባዋል እንላለን። ክብሩም ጭብጨባ ወይም ሐውልት አይደለም፤ ቃሉን ሰምቶ መልስ መስጠት፥ በልደቱና በዘሩ አለመስደብ፥ ወደ ቤቱም በደኅና እንዲገባ ማድረግ ነው። በዚያ ዘመን የነበሩት ኀላፊያችን ይህን ገጽ አግኝተው ያነበቡት እንደሆነ፥ ያን ጊዜ ያልመለስንላቸውን መልስ ለመስጠት፥ የእርሳቸውንም ለመስማት ደጃቸውን እንጠናለን።