«እርስዎ ያውቃሉ» ማለት ፈቃድ ነውን?

እግዚአብሔር ሰውን በፈጠረው ጊዜ ዕውቀትንና ነጻ ፈቃድን አብሮ ሰጥቶታል። ሥጋውንም የሰጠው በአደራ ነው፤ አደራ የተቀበለም ሰው ምን እንደሚደረግበት ሳይጠይቅ ለሌላ አሳልፎ ሊሰጠው አይገባውም። ይህ ነገር በአንዲት ጥርስ እንኳ ይሠራል።

ሕመም እንቅልፍ ነሥቶት ከዘጌ ወይም ከደቅ ደሴት የጣናን ሐይቅ ተሻግሮ ባሕር ዳር ወዳለ የጥርስ ሐኪም የሚመጣውን አረጋዊ እናስብ። ሐኪሙ «ይነቀል?» ሲለው «እርስዎ ያውቃሉ» ብሎ አፉን ይከፍታል፤ ወረቀት ቢቀርብለትም የጣቱን አሻራ ያኖርበታል። አነጋገሩ የትሕትና ነው። ነገር ግን ያላወቁትን መፍቀድ በእውነት ፈቃድ ይባላልን?

አይባልም እንላለን። የአዋቂ ጥርስ አንድ ጊዜ ከተነቀለ ተመልሶ አይበቅልምና። ሥሩ ታክሞና ተሞልቶ የሚተርፍ ጥርስ አለ፤ መነቀል ግድ የሚሆንበትም አለ። የታችኛው የመጨረሻ መንጋጋ ጥርስ ሲነቀል አልፎ አልፎ ነርቭ ተነክቶ ከንፈር ወይም ምላስ ይደነዝዛል። ስለዚህ ሕመሙ ምን እንደሆነ፥ ምን እንደሚደረግ፥ ምን ጉዳት ሊከተል እንደሚችል፥ ሌላ ምን መንገድ እንዳለ፥ ቢተውስ ምን እንደሚመጣ ለሕመምተኛው በሚገባው ቃል ሊነገረው ይገባል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግም ሰው ሕክምናን እምቢ ሊል እንደሚችል ደንግጓል።

ከሕግ በላይ ግን የጌታችን አርአያ አለ። በቤተ ሳይዳ 38 ዓመት የታመመውን መፃጉዕ ከማዳኑ አስቀድሞ መዳን ይወድ እንደሆነ ጠየቀው። ሁሉን የሚያውቅ አምላክ ከጠየቀ፥ ዕውቀቱ የተወሰነ ሐኪም እንዴት አይጠይቅም?

መጠየቅ ድፍረት የሚመስለው ሰው ቢኖርም እመቤታችንን ይመልከት። በብሥራት ጊዜ ነገሩ እንዴት እንደሚፈጸም መልአኩን ጠየቀች፤ እርሱም አስረዳት፤ ፈቃድዋንም የሰጠችው ከዚህ በኋላ ነው። ዘካርያስ የተቀጣው ስለ ጠየቀ ሳይሆን ስላላመነ ነው።

ሕመምተኛውም በበኩሉ ግዴታ አለበት። የልብ በሽታ ያለበት፥ ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የሚወስድ፥ ፀንሳም ያለች ብትሆን ከሐኪሙ መሠወር አይገባም፤ እውነት ካልተነገረው እርሱም በጨለማ ይሠራልና።

አፍ ስለሌለው ሕፃን የሚፈቅዱ ወላጆች ናቸው፤ እነርሱም ባለአደራ እንጂ ባለቤት አይደሉም። «ግግ ነው፤ ተቅማጥ ያመጣል» እየተባለ ያልበቀለ ጥርስ ከሕፃኑ ድድ ተፈልፍሎ ሲወጣ፥ ደም መፍሰስና የቁስል መመረዝ ያስከትላል፤ በኋላ የሚበቅለውንም ጥርስ ያበላሻል። ወላጅ ለእንዲህ ያለው ነገር የመፍቀድ ሥልጣን የለውም።

እንግዲህ የነፍስ አባቶች ሆይ፥ ልጆቻችሁን ጠይቀው፥ ሰምተው፥ አስበው እንዲፈቅዱ ምከሩአቸው። ሁሉን ከሰማ በኋላ «እርስዎ ይምረጡልኝ» የሚል ሰው በሐኪሙ ታምኖአል፤ ይህ መልካም ነው። ሳይሰማ የሚለው ግን አደራውን ሜዳ ላይ ጥሎአል።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።