መጠበቅም አገልግሎት ነው

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።



በኦሪት ዘፍጥረት ምዕራፍ 2 እንደምንማረው፣ እግዚአብሔር አዳምን በገነት ሲያኖረው ሁለት ሥራ ሰጥቶታል፤ አንዱ ማልማት፣ ሁለተኛው መጠበቅ ነው። ስለ ማልማት ብዙ ይባላል። አዲስ ነገር ሲተከልና ሲመረቅ ሰው ይሰበሰባል፤ ይጨበጨባል። የተተከለውን ለሚያጠጣው፣ የተሠራውንም ለሚጠግነው ግን የሚያጨበጭብለት የለም። ዛሬ ልንነጋገር የወደድነው ስለዚህ ስለ ሁለተኛው ሥራ ነው።

ለምሳሌ ያህል ከሩቅ አገር እንነሣ። በሰሜን አሜሪካ በአፓላቺያን ተራሮች ላይ የሚሄድ የእግር መንገድ አለ። ከጆርጂያ ተነሥቶ እስከ ሜይን 14 ግዛቶችን ያቋርጣል፤ ርዝመቱም 3,500 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ሐሳቡን እ.ኤ.አ. በ1921 ያቀረበው ቤንተን መካይ የተባለ የደን ባለሙያ ሲሆን፣ መንገዱ በ1937 ከዳር እስከ ዳር ተያያዘ። በ1968 የአገሪቱ መንግሥት በሕግ ጥበቃ ሰጠው። ሕግ ግን በራሱ ድንጋይ አያነሣም። ይህን መንገድ ከመጀመሪያው ጀምሮ ሲጠብቁት የኖሩት በአብዛኛው ያለ ደመወዝ የሚሠሩ በጎ ፈቃደኞች ናቸው።

አሠራራቸው ቀላል ነው። መንገዱ በክፍል በክፍል ለልዩ ልዩ ማኅበራት ተከፋፍሏል፤ እያንዳንዱ ማኅበር ድርሻውን ያውቃል። አባላቱ በየጊዜው ወጥተው የወደቀውን ዛፍ በመጋዝ ቆርጠው ያነሣሉ፤ መንገዱን የዋጠውን ቁጥቋጦ ይመነጥራሉ፤ መንገደኛ እንዳይጠፋ በዛፎች ግንድ ላይ የተቀባውን ነጭ ምልክት ያድሳሉ። ከሁሉ የሚበልጠው ትግል ግን ከውኃ ጋር ነው። ዝናብ በተረገጠ መንገድ ሲወርድ መንገዱን ቦይ ያደርገዋል፤ አፈሩንም ጠርጎ ይወስደዋል። መንገደኛው ጭቃውን ሲሸሽ ዳር ዳሩን ይረግጣል፤ መንገዱ ይሰፋል፤ ሣሩም ይጠፋል። ስለዚህ ድንጋይ ወይም ግንድ በመንገዱ ላይ አግድም ገደድ አድርገው ይቀብራሉ፤ ውኃውም በእርሱ እየተመራ ወደ ጎን ይወጣል። ይህም መውጫ በቅጠልና በደለል ይደፈናልና እንደ ገና መጠረግ አለበት። በመስከረም 2024 ሄሊን የተባለው ከባድ አውሎ ነፋስ በደቡቡ ክፍል እጅግ ብዙ ዛፍ በመንገዱ ላይ ሲጥል፣ በጎ ፈቃደኞቹ መጋዛቸውን ይዘው ወጡ።

ይህ አሠራር መጽሐፍ ቅዱስን ለሚያነብ እንግዳ አይደለም። መጽሐፈ ነህምያ ምዕራፍ 3 ተአምር የሚነገርበት ምዕራፍ አይደለም፤ የስምና የድርሻ ዝርዝር ነው። ወርቅ አንጥረኛውና ሽቱ ቀማሚው ሙያቸው ግንበኝነት ሳይሆን የኢየሩሳሌምን ቅጥር ጠገኑ። አንድ ገዥ ከሴቶች ልጆቹ ጋር ሠራ። ካህናቱም እያንዳንዳቸው በቤታቸው ፊት ለፊት ያለውን ጠገኑ። የቴቁሐ ታላላቅ ሰዎች ግን ጫንቃቸውን ከሥራው አራቁ፤ ይህም ተጽፎባቸው ቀረ። ቅጥሩ በ52 ቀን ተፈጸመ። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ የሚለው የአባቶቻችን አባባል በዚያ ሲፈጸም እናያለን።

ወደ ራሳችን ስንመለስ፣ በደቡብ ጎንደር ከከፍታ ላይ ሆኖ ለሚመለከት ሰው በታረሰው መሬት መካከል እዚህም እዚያም አረንጓዴ ክብ ይታየዋል፤ በየክቡም መካከል ቤተ ክርስቲያን አለ። ወይራውና ጽዱ ከሌላው ቦታ ሲጠፋ በዚያ የተረፈው ጠባቂ ስለ ነበረው ነው። ነገር ግን እንደ ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ ያሉ የደን ተመራማሪዎች እንዳሳዩን፣ ከብት ከገባ ችግኙ ይበላል፤ ይረገጣል። ታላላቆቹ ዛፎች ቆመው ይታያሉ፤ ተተኪ ግን የላቸውም። ደኑ ከውጭ ሲያዩት ሙሉ ይመስላል፤ ከውስጡ ግን እያረጀ ነው። ስለዚህ በአንዳንድ አጥቢያዎች ምእመናን ከየማሳቸው ድንጋይ ለቅመው በደኑ ዙሪያ ካብ ካቡ። ድንጋዩ መነሣቱ ለእርሻውም በጀ፤ በካቡ ውስጥም ችግኝ ብቅ አለ።

«ይህ ሥራ ከጸሎትና ከትምህርት ጊዜ ይሻማል» የሚል ይኖራል። ጥያቄው ተገቢ ነው። ሥራው በሰንበትና በበዓል ይሁን አላልንም፤ ከትምህርትም ይቅደም አላልንም። ነገር ግን አረጋውያን ወደ ቅዳሴ ሲመጡ የሚወድቁበትን ጭቃ መንገድ እያለፍን ስለ ፍቅር ብንማር ትምህርቱ ምን ፍሬ ይኖረዋል?

ሌላም ከባድ ጥያቄ አለ። ማገዶ ፍለጋ ወደ ደኑ የምትመጣ ድሃ እናት በካብ ብቻ ብትመለስ ልጆቿ ምን ይበላሉ? ነቢዩ ኢሳይያስ በምዕራፍ 58 ስለ እውነተኛ ጾም ሲያስተምር አስቀድሞ የሚያነሣው የተራበውን ማብላትና የታረዘውን ማልበስ ነው፤ መንገድን ስለሚያድስ ሰው የሚናገረው ከዚያ በኋላ ነው። ቅደም ተከተሉን አንርሳ። ደኑን ስንጠብቅ እርሷን ጠላት እንዳናደርጋት፣ ማገዶዋን ከየት እንደምታገኝ ከሰበካ ጉባኤውና ከአጥቢያው ሽማግሌዎች ጋር አብረን እንመካከር። ያለዚያ ካቡ ለዛፍ የሚራራ፣ ለሰው የማይራራ ይሆናል።

እንግዲህ ምን እናድርግ? ክረምት ከመግባቱ በፊት ከአስተዳዳሪው ፈቃድ እንጠይቅና ወደ ቤተ ክርስቲያን የሚያስገባውን መንገድ በክፍል በክፍል እንካፈለው። ሕፃናቱ ቅጠሉን ይልቀሙ፤ ጉልበት ያለን ድንጋዩን እንቅበር፤ የውኃውን መውጫ እንክፈት። ችግኝ የተከለ ሁሉ የተከለውን ከተከለ በኋላ ባሉት ዓመታትም ይጎብኝ። ደቦ አገራችን የምታውቀው ሥርዓት ነውና አዲስ ነገር አንፈጥርም። በከርሞው ክረምት ቦይው ሲደፈን ተስፋ አንቁረጥ፤ ዶማችንን ይዘን እንመለስ። ጠባቂ የሚባለው ተመልሶ የሚመጣው ነውና።

ለአዳም የተሰጠውን ሁለተኛውን ሥራ እንድንፈጽም እግዚአብሔር ይርዳን። ይቆየን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።