ልብ አይቶ ጣት ሲቀድም

«ልብ ካላየ ዐይን አያይም» የሚባለው አብዛኛውን ጊዜ ፊቱ ያለውን ነገር ላላስተዋለ ሰው ነው። እኔ ቃሉን ኢላማ ተኩስ ላይ ልፈትነው እወዳለሁ፤ እዚያ በሚሊሜትር ይለካልና። ኢላማ ስል የወረቀቱን ማለቴ ነው፤ አገራችን ላስታ የጥይት ሐዘን ጠግቧል።

እ.ኤ.አ. በ2004 በአቴንስ ኦሊምፒክ አሜሪካዊው ማቲው ኢመንስ በ50 ሜትር ጠመንጃ ውድድር አንዲት ጥይት ብቻ ቀርታው በሦስት ነጥብ ይመራ ነበር። ተኮሰ፣ መታም፤ የመታው ግን የጎረቤቱን ኢላማ ነው። ዜሮ ተያዘበት፤ ስምንተኛ ወጣ። ወትሮ ከመተኮሱ በፊት የኢላማውን ቁጥር ያይ ነበር፤ ያን ጊዜ ራሱን ለማረጋጋት ሲታገል ሳያየው ቀረ።

እስከዚህ ተረቱ እውነት ነው። ለጀማሪ የምንሰጠውን «ተረጋጋ» የሚል ምክርም ያፈርሰዋል፤ መረጋጋትን የሚያሳድድ ልብ ኢላማውን አያይም። ልብ ሥራ ይሰጠው፦ ቁጥሩን ይይ፣ ትንፋሹን ይልቀቅ፣ ማነጣጠሪያዋ ላይ ይቆይ። ገብስ ሲያሽት በላስታ፣ በኩልመስክ ዙሪያ ማሳውን ከጭላዳ የሚጠብቅ ልጅ ይህን በወንጭፍ ያውቀዋል። ድንጋዩ የሚያርፍበትን እንጂ ክንዱን አያይም፤ ክንዱን ማሰብ የጀመረ ዕለት ይስታል።

ከአራት ዓመት በኋላ ግን ኢመንስ ተረቱ የማይደርስበት ቦታ ደረሰ። ቤይጂንግ ላይ ዳግም በመጨረሻዋ ጥይት እየመራ፣ በገዛ ኢላማው ላይ፣ ጠመንጃው ገና ወደ መሃል ሲወርድ ጣቱ ምላጩን ነካ። 4.4 ነጥብ ብቻ! ወርቁ ለቻይናዊው ቺው ጂያን ሆነ። ልብም ዐይንም በቦታቸው ሳሉ ጣት ቀደመ። ስለ ጣት ተረቱ ምንም አይልም። ኢመንስ ሳይተው ቀጥሎ እ.ኤ.አ. በ2012 ለንደን ላይ ነሐስ አገኘ።

ጣት የሚገራው በድግግሞሽ ነው፤ ለዚህ ደግሞ ጥይት አያስፈልግም። ታላላቅ ተወዳዳሪዎች መሣሪያው ባዶ መሆኑን ደጋግመው አረጋግጠው፣ አፈሙዙን ሰው ወደሌለበት አዙረው ምላጩን በባዶ ይስባሉ፤ ማነጣጠሪያዋ ንቅንቅ ካለች ጣታቸው እንደቸኮለ ያውቃሉ። ጥይት በሚወደድበት ደጋችን ከዚህ የሚሻል ትምህርት አላውቅም።

ጥይት በተገኘ ቀን ደግሞ ተኳሹ ወረቀቱን ከማየቱ በፊት «መሃል ናት» ወይም «ወደ ግራ ወርዳለች» ብሎ ጮክ ብሎ ይናገር። ቃሉና ቀዳዳው ካልገጠሙ፣ ምላጩ ሲሳብ ልቡ ሌላ ቦታ ነበር።