«አላህ ምስክራችን ነው» ብለን ያልጻፍነው ዕዳ



በቅርቡ አብነት ሰፈር፣ ከመግሪብ ሶላት በኋላ፣ ለሽምግልና ተቀምጬ ነበር። አንድ ሐጂ መርካቶ ለሚነግድ ጎረቤታቸው 180,000 ብር አበድረዋል። ወረቀት የለም። «በእኔና በአንተ መሐል አላህ አለ» ተባብለው ተለያዩ። ተበዳሪው ወደ አኼራ ሄደ። ባለቤቱ ስለ ገንዘቡ የሰማችው ነገር የለም፤ ልጆቹ የቲሞች ናቸው። የሱቁ ሠራተኛ ከረጢቱን እንጂ ቁጥሩን አላየም። ሐጂን ውሸታም የሚል ከመካከላችን አልነበረም፤ ግን የየቲም ሐቅ ያለ ማስረጃ እንዴት ይነካል?

ያሳዘነኝ ሁለት ሕጎች አስቀድመው ነግረውን እንደነበር ነው። ከቁርኣን አንቀጾች ሁሉ ረጅሙ፣ የሱረቱል በቀራህ 282ኛው፣ ስለ ዕዳ ነው። የጊዜ ዕዳ እንዲጻፍ፣ ተበዳሪው ራሱ እንዲያስጽፍ፣ ምስክሮች እንዲቆሙ፣ ዕዳው ትንሽም ሆነ ትልቅ ከመጻፍ እንዳንሰለች ያዛል። አብዛኞቹ ዑለማኦች ትእዛዙን ግዴታ ሳይሆን ምክር ነው ይላሉ። ምክሩን ንቀን ግን የት ደረስን? የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ደግሞ በቁጥር 2472፣ ከ500 ብር በላይ የሆነ ብድር በጽሑፍ፣ ወይም ፍርድ ቤት ቀርቦ በማመን ወይም በመሐላ ካልሆነ አይረጋገጥም ይላል። ሟች ደግሞ ቀርቦ አያምንም፤ አይምልም።

«ሸሪዓ ፍርድ ቤት እንሂድ» ያለም ነበር። የፌዴራል ሸሪዓ ፍርድ ቤቶችን ያጠናከረው አዋጅ 188/1992 ጋብቻን፣ ውርስንና ወቅፍን የመሰሉ ጉዳዮችን እንጂ የንግድ ብድርን አልሰጣቸውም፤ እሱ የሚታየው በመደበኛው ፍርድ ቤት ነው። ዑመር (ረ.ዐ.) ዲኑን ያልተረዳ በገበያ እንዳይሸጥ ይከለክሉ ነበር። የዛሬው ነጋዴያችን ፊቅሁንም የአገሩንም ሕግ ሊማር ይገባዋል።

ወረቀት የያዘውም ቢሆን ሌላ ፈተና አለበት። በፍትሐ ብሔሩ ቁጥር 1751 መሠረት ሕጋዊው ወለድ በዓመት 9 በመቶ ነው። ጠበቃው በልማድ ክሱ ውስጥ ያስገባዋል፤ ከሳሹም ሳያነብ ይፈርማል። ዘምዘም ባንክ በ2013 ዓ.ም. ሲከፈት ከወለድ ተገላገልኩ ብሎ ሒሳቡን ያዛወረ ሰው፣ በፍርድ ቤት በር ሪባን ይዞ ይወጣል! ወንድሜ ሆይ፣ ዋናውን ገንዘብህን ጠይቅ፤ ወለዱን ሰርዝ በለው። ክሱ ያንተ እንጂ የጠበቃው አይደለም።

ወደ ሐጂ ልመለስ። የልጆቹን ድርሻ አልነካንም። እናታቸው ግን «ባሌ በዕዳ አይያዝብኝ» ብላ ከራሷ ውርስ 60,000 ብር ለመክፈል ፈቀደች። ሐጂም እያለቀሱ ቀሪውን ዐፉ አሉ። ይህኛው ስምምነት በጽሑፍ ሆነ፤ ሦስት ሰዎች ፈረምን።

ያን ምሽት ቤቴ ገብቼ የራሴን ዕዳ ስቆጥር፣ ከወንድሜ ወስጄ አራት ዓመት ያቆየሁት 12,000 ብር ትዝ አለኝ። በማግስቱ ወረቀት ጽፌ ሄድኩ። «በእኔና በአንተ መሐል ወረቀት ምን ሊሠራ?» ብሎ ተቆጣ። ፈርሜ ጠረጴዛው ላይ ትቼለት ወጣሁ።