ወራጅ ውኃና የጠበቃ ቀጠሮ

«በሕግ አምላክ ሲባል እንኳንስ ሰው ወራጅ ውኃ ይቆማል» የሚል አባባል ከአባቶቻችን ደርሶናል። አባባሉ የሚነገረው ስለ ሕግ ክብር ነው፤ የተናገሩትም ሰዎች ውኃ በቃል እንደማይቆም አጥተውት አይደለም። ነገር ግን የውኃ ክርክር የያዘ ሰው ሲሰማው ሌላ ትርጉም ይወጣዋል። ነገሩ ፍርድ ቤት ሲገባ ውኃው በእርግጥ ይቆማል፤ የሚቆመው ግን ከታች ባለው ሰው ማሳ ላይ ብቻ ነው። ከላይ ባለው ማሳ እንደ ወትሮው ይወርዳል።

ይህን ጽሑፍ ያስጻፈኝ ጥብቅና ሊማሩ የሚያስቡ ወጣቶች ደጋግመው የሚያነሡት ጥያቄ ነው። ጠበቃ ለደንበኛው ሲል ሕግ የፈቀደለትን ሁሉ ቢያደርግ በደል ይሆንበታልን? ይላሉ። በጠቅላላው ከመመለስ በአንድ ስፍራና በአንድ ዐይነት ነገር ላይ መመርመር ይሻላል ብዬ ስፍራውን ይፋግ፥ ነገሩንም የመስኖ ውኃ አድርጌዋለሁ።

ይፋግ ከአዲስ ዘመን ወደ ወረታ በሚወስደው መንገድ ላይ የምትገኝ፥ በቀድሞው ዘመን በገበያዋ የታወቀች የቆየች ከተማ ናት። በዚያ አገር የርብ ወንዝ ከጉና ወርዶ የፎገራን ሜዳ አቋርጦ ጣና ይገባል። በክረምት ርብ ሜዳውን የሚያጥለቀልቅ ኃይለኛ ነው። ከጥር በኋላ ግን ይመነምናል፤ በዚያን ጊዜ ሽንኩርትና ቲማቲም የሚያለማ ገበሬ ሁሉ ዐይኑ በወንዙ ላይ ነው። ቀድሞ ውኃ የሚጠለፈው በቦይ ነበር፤ ዛሬ በየወንዙ ዳር ሞተር ፓምፕ ተጨምሮበታል። ሽንኩርት ሥሩ ጥልቅ ስላልሆነ ቶሎ ቶሎ መጠጣት ይፈልጋል፤ ኮረቱ በሚሞላበት ወራት ሁለት ሦስት ሳምንት ውኃ ቢቀርበት ምርቱ ክፉኛ ይጎዳል። አንባቢዬ ይህችን ነገር በልቡ እንዲይዝልኝ እለምናለሁ።

እንግዲህ ሁለት ገበሬዎች እናስብ። አንደኛው ከላይ፥ ሁለተኛው ከታች፥ ማሳቸው ከአንድ ቦይ ይጠጣል። የላይኛው ከተራው አልፎ ሌሊት ሌሊት ውኃውን ወደ እርሱ ይመልሳል። የታችኛው አስቀድሞ ወደ ውኃ አባቱ ይሄዳል። የውኃ አባት ማለት ገበሬዎቹ ከመካከላቸው የመረጡት፥ ተራ የሚያወጣ፥ ቦይ የሚያስጠርግ፥ ተራ የጣሰውንም የሚቀጣ ሰው ነው። ብዙው ጠብ እዚህ ያልቃል፤ ማለቁም ደግ ነው፤ በቦይ ዳር በጨለማ የተጀመረ ጭቅጭቅ ደም እስከ ማፍሰስ እንደሚደርስ የገጠር ልጅ ሁሉ ያውቀዋልና። አንዳንድ ጊዜ ግን የውኃ አባቱ የላይኛው ገበሬ አማች ሆኖ ይገኛል፤ ወይም የላይኛው ሀብታም ሆኖ ቅጣቱን ይከፍልና በማግሥቱ ዳግመኛ ይጠልፋል። በዚህ ጊዜ የታችኛው ወደ ወረዳ ፍርድ ቤት ይሄዳል።

ሕጉ ለታችኛው ጨካኝ አይደለም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ከቁጥር 1228 ጀምሮ ስለ ውኃ ይናገራል፤ በመጀመሪያም የሚያስቀምጠው በውኃ ለመጠቀም ቀዳሚው ሕዝቡ መሆኑን ነው። ስለ ውኃ ሀብት አስተዳደር የወጣው አዋጅ ቁጥር 197/1992 ደግሞ ውኃ የኢትዮጵያ ሕዝብና የመንግሥት የጋራ ሀብት ነው ይላል፤ ለቤት የሚሆነውንም ውኃ ከሌላው ሁሉ ያስቀድማል። ይኸው አዋጅ በባህላዊ መስኖ የሚጠቀመውን ገበሬ ፈቃድ አውጣ አይለውም። ይህ ለገበሬው ርኅራኄ ነው። ነገር ግን ፈቃድ የሌለው ሰው ወረቀት የለውም፤ ወረቀት የሌለው ሰው ማስረጃው የሽማግሌ ቃል ነው። «ይህ ቦይ ማክሰኞ ማክሰኞ የማን ነበር?» ተብለው የሚጠየቁት ምርኩዝ የያዙ አዛውንት ናቸው። ቀጠሮ በረዘመ ቁጥር ውኃው ብቻ ሳይሆን ምስክሩም ያልቃል።

ክሱ በየካቲት ቀረበ እንበል። የላይኛው ጠበቃ ያዘ። ጠበቃው ጎበዝ ነው፤ አይዋሽም፥ ጉቦ አይሰጥም፥ ሐሰተኛ ምስክር አያቆምም። መልስ ለማዘጋጀት ጊዜ ጠየቀ፤ ተፈቀደለት። ቀጥሎ ክሱ በዚህ ፍርድ ቤት ሊታይ አይገባም የሚል መቃወሚያ አቀረበ፤ በዚያ ላይ ክርክር ተሰምቶ ለብይን ተቀጠረ። መቃወሚያው ቢወድቅ፥ ባለሙያ ሄዶ ቦዩን ለክቶ ይምጣ አለ፤ ባለሙያው ሌላ ሥራ ላይ ነበር። ምስክር ታመመ። ሚያዝያ አለቀ፥ ግንቦት አለፈ፥ ዝናብ ጣለ። ክረምት ሲሆን ፍርድ ቤቱ ለዕረፍት ተዘጋ፤ ርብም ከአፍ እስከ ገደፉ ሞልቶ ማንም የማይጣላበት ሆነ። በኅዳር ፍርድ ተሰጠ። የረታው የታችኛው ነው! ውኃው በተራ ይሁን ተባለ፤ ኪሳራም ተቆረጠለት። ሽንኩርቱ ግን በመጋቢት ደርቋል፤ ለዘርና ለማዳበሪያ የተበደረውን ብድር በሰኔ ተጠይቋል። የላይኛው ተረትቷል፤ ሆኖም ምርቱን ሸጦ ለጠበቃው ከፍሏል።

በደለኛው ማነው? ዳኛው እያንዳንዱን ቀጠሮ የሰጡት በሕግ ነው። ጠበቃውም አንድ ሐሰት አልተናገረም። ቢሆንም በዚህ ታሪክ ውስጥ አንድ ሰው ተዘርፏል።

የመሬት ክርክር ቢሆን ኖሮ ነገሩ እንዲህ አይሆንም ነበር። መሬት ትጠብቃለች። አሥር ዓመት ቢከራከሩባት በአሥራ አንደኛው ዓመት እዚያው ናት፤ በመካከሉ የተበላውም ፍሬ ተቆጥሮ ሊመለስ ይችላል። ውኃ ግን የዛሬው ለዛሬ ብቻ ነው። የመጋቢትን ውኃ በኅዳር ሊያስመልስ የሚችል ዳኛ የለም። ስለዚህ በውኃ ነገር ቀጠሮ ራሱ ፍርድ ነው፤ ያውም ምስክር ሳይሰማ የተሰጠ ፍርድ። ጠበቃው ጊዜ የጠየቀ ይመስለዋል እንጂ የጠየቀው የሌላውን ሰው ውኃ ነው።

ጠበቃው ለዚህ የሚሰጠው መልስ አለው፤ መልሱም በቀላሉ የሚጣል አይደለም። «እኔ ዳኛ አይደለሁም» ይላል። «ደንበኛዬ ምሥጢሩንና ገንዘቡን ሰጥቶኝ አምኖኛል። ከሕጉ የፈቀደለትን ይህን እሰጥሃለሁ፥ ያንን እነፍግሃለሁ ብል በጓዳ የተቀመጥሁ ሁለተኛ ዳኛ ልሆን ነው። በዚህም ላይ አገሬው ሁሉ በአንድነት የተነሣበት ሰው ከአጠገቡ የሚቆም አንድ ሰው ሊያገኝ ይገባዋል። የላይኛው እውነተኛ ቢሆንስ? ቦዩን የቆፈሩት አባቱ ቢሆኑስ?» ይህን መልስ የሚንቅ ሰው ተከሶ የማያውቅ ሰው ነው። ከጠበቃው ላይ ይህን ታማኝነት ብናነሣበት የሚጎዳው ነገ የታችኛው ራሱ ነው።

እኔ ግን በዚህ መልስ ውስጥ አንድ ነገር ተደብቆ ይታየኛል። ጠበቃው ለደንበኛው የገባው ቃል መብቱን ሊያስከብርለት ነው። ጊዜ ማግኘት ለዚህ መሣሪያ ሊሆን ይችላል፤ ምስክር ለማምጣት፥ ሰነድ ለመፈለግ፥ ስፍራውን ለማየት። ጊዜው ራሱ ሲሳይ ሲሆን ግን ነገሩ ይለወጣል። ስለዚህ ቀጠሮ ሊጠይቅ የሚነሣ ጠበቃ ራሱን እንዲህ ብሎ ቢጠይቅ እወዳለሁ፤ ይህ ቀጠሮ ቢከለከል ደንበኛዬ የሚያጣው ማስረጃ ነው ወይስ ውኃ? ማስረጃ ከሆነ ያለ ኀፍረት ይጠይቅ። ውኃ ከሆነ የሚከራከርለት መብት አይደለም፤ ደንበኛው በፍርድ ሊያገኘው የማይችለውን ነገር ያለ ፍርድ እያስገኘለት ነው። ይህ ጥያቄ ለታችኛውም ጠበቃ ነው። የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ በ1958 ዓ.ም. ሲወጣ ክርክሩ እስኪያልቅ ድረስ እግድ የሚሰጥበትን መንገድ አበጅቷል፤ የታችኛው ጠበቃ ነገሩን አጋኖ የላይኛውን ፓምፕ በእግድ ቢያስቆም የሚደርቀው የላይኛው ሽንኩርት ይሆናል። ውኃ ሰርቆ መብላት በሁለቱም በኩል ይቻላል።

በዚህ ጉዳይ የቀድሞው ዳኝነታችን አንድ ነገር ያውቅ ነበር። ተሟጋቾች ሜዳ ላይ ቆመው «በላ ልበልሃ» እየተባባሉ ሲሟገቱ ሕዝቡ ይሰማል፤ መንገደኛም ዳኛ ሊሆን ይችላል። ነገሩ እስኪያልቅም ከሳሽና ተከሳሽ በነጠላቸው ጫፍ ተቋጥረው ቁራኛ ሆነው አብረው ይኖሩ ነበር። ሥርዓቱ ጭካኔ ነበረበት፤ ይመለስ የሚል ቢኖር እቃወመዋለሁ። ነገር ግን ክርክሩ ሲራዘም ሁለቱም እኩል ይቸገሩ ነበር፤ የተከሳሽ ሌሊት ለከሳሽም ሌሊት ነበረ። ዛሬ ቀጠሮ ሲሰጥ አንዱ ውኃ እያጠጣ፥ ሌላው ሰማይ እያየ ወደየቤቱ ይሄዳል። በነጠላ ፈንታ ቦዩን ቁራኛ ማድረግ ይቻላል፤ ይኸውም ፍርድ እስኪሰጥ ድረስ ውኃው እኩል በተራ ይውረድ ብሎ በመጀመሪያው ቀን ማዘዝ ነው። ይህን ትእዛዝ ሁለቱ ጠበቆች ተስማምተው ቢጠይቁት የሚከለክላቸው ዳኛ አይታየኝም። ከዚያ በኋላ ጠበቃው የፈለገውን ያህል ጊዜ ቢጠይቅ በራሱ ደንበኛ ላይም ይቆጠራል።

በውጭ አገር በስፔን በቫሌንሲያ ከተማ ነገሩን በሌላ መንገድ ፈትተውታል። የቱሪያ ወንዝ ቦዮች ገበሬዎች የመረጧቸው ዳኞች በየሐሙሱ እኩለ ቀን በካቴድራሉ በር ላይ ይቀመጣሉ። ክርክሩ በቃል ነው፥ ጠበቃ አይቆምም፥ ፍርዱም እዚያው ይሰጣል። ተከሳሹ ከወንዙ ግራ ዳር የሆነ እንደሆነ ፍርዱን የሚያቀርቡት የቀኝ ዳር ዳኞች ናቸው፤ የአማችነትን ነገር እንዲህ አድርገው ዘግተውታል። ዩኔስኮም እ.ኤ.አ. በ2009 በማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ አስገብቶታል። ከዚህ ተነሥተን ጠበቃን ሁሉ እናባርር ብንል ግን ስሕተት ነው። ይህ ዳኝነት የሚሠራው ተከራካሪዎቹ ሁሉ ገበሬዎች ስለሆኑና አንድ ውኃ ስለሚጠጡ ነው። በአንድ በኩል ገበሬ፥ በሌላው በኩል ድርጅት ወይም መሥሪያ ቤት ሲሆን፥ በቃሉ ብቻ የሚቆም ገበሬ ይዋጣል። ስለዚህ ጠበቃ ያስፈልገዋል፤ የሚከፍለው ባይኖረውም ያስፈልገዋል። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል ጠበቆች የሥነ ምግባር ደንብ ጠበቃ በዓመት ቢያንስ 50 ሰዓት በነጻ ወይም በጥቂት ክፍያ እንዲያገለግል አዝዞ ነበር። ከላይ የተረክሁት ዐይነት ክርክር ግን ሃምሳውን ሰዓት ለብቻው ይጨርሰዋል።

በሌላው ጫፍ ያለው ደግሞ አሜሪካ ነው። አሪዞና በካሊፎርኒያ ላይ ስለ ኮሎራዶ ወንዝ ክስ ያቀረበችው እ.ኤ.አ. በ1952 ነው። ነገሩን እንዲያጣሩ መጀመሪያ የተሾሙት ሰው ሳይጨርሱ ሞቱ፤ በተተኪያቸው ፊት ከ1956 እስከ 1958 ድረስ 340 ምስክሮች ተሰሙ፥ ቃላቸውም 25,000 ገጽ ሞላ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ የፈረደው በ1963 ነው፤ ከዚያም በኋላ ውሳኔውን እያደሰ እስከ 2006 ድረስ ደርሷል። ዕድሜያቸውን በሙሉ በውኃ ነገር ብቻ የሚያሳልፉ ጠበቆች በዚያ አገር አሉ። እነዚያ ተከራካሪዎች ግን ግዛቶች ናቸው፤ ግዛት አይራብም፥ የሰኔም ብድር አያስጨንቀውም። የይፋግ ገበሬ ከእነርሱ ጋር የሚተካከለው በክርክሩ ርዝመት ብቻ ሊሆን አይገባም።

ርብ ጣና ገብቶ ዓባይ ሆኖ ይወጣል። እ.ኤ.አ. በ1959 ግብፅና ሱዳን የዓባይን ውኃ 55.5 ቢሊዮንና 18.5 ቢሊዮን ሜትር ኩብ አድርገው ሲካፈሉ ኢትዮጵያ አልተጠራችም። ሳንሰማ ተፈረደብን ብለን ዘመናችንን ሙሉ ተከራክረናል፤ ክርክራችንም ትክክል ነው። በዚያው ውኃ ላይ፥ በገዛ ቦያችን፥ የታችኛው ጎረቤታችን ሳይሰማ ቀጠሮ ሲፈረድበት ዝም የምንል ከሆነ ግን ያን ክርክር በምን አፍ እንደምናሰማው አይገባኝም።

ጥያቄዬን የሚቀበል ጠበቃ ዋጋ እንደሚከፍል አውቃለሁ። «ቀጠሮ አላራዝምልህም» ያለው ደንበኛ መንገዱን ተሻግሮ ወደ ሌላ ጠበቃ ይሄዳል፤ ያም ያራዝምለታል። የታችኛው ሽንኩርት ሳይተርፍ ጠበቃው እንጀራውን ያጣል። ስለዚህ ነገሩን በአንድ ሰው ኅሊና ላይ ብቻ ጥሎ መሄድ አይበቃም።

በ2000 ዓ.ም. ገደማ ሥራው የተጀመረው የርብ ግድብ 234 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ውኃ እንዲይዝ የታሰበ ነው። ቦዮቹ እየሰፉ በሄዱ ቁጥር ላይኛውና ታችኛው ሁለት ገበሬዎች መሆናቸው ይቀርና ሁለት ቀበሌዎች፥ ሁለት ማኅበሮች ይሆናሉ። ስለ መስኖ ውኃ ተጠቃሚዎች ማኅበራት የወጣው አዋጅ ቁጥር 841/2006 ማኅበራቱ መተዳደሪያ ደንብ እንዲኖራቸው ያዝዛል። ደንቡን በብዛት የሚጽፉት በመንደሩ ውስጥ ብዕር የያዙት ልጆች ናቸው፤ አባቶች ይናገራሉ፥ ልጆች ይጽፋሉ። ክርክር ስንት ቀን ይቆያል የሚለው መስመር ላይ ሲደርሱ እኔ ብጠየቅ፥ ሽንኩርት ውኃ ሳያገኝ ሊቆይ የሚችለውን ቀን ያህል ብዬ አጽፍ ነበር።