መመታት ለምን ይጥማል?

በገና ሰሞን ከሥላሴ ተነስታችሁ በአራት ኪሎ፣ ከዚያ በስድስት ኪሎ በኩል ወደ ጃን ሜዳ ብትወጡ፣ ጫፉ የቆለመመ ዱላ የያዙ ሰዎች ጥንግ የምትባል ትንሽ ጠንካራ ኳስ ሲያሳድዱ ልታገኙ ትችላላችሁ። ዱላው ጥንጓን ሲስት የሚያገኘው ቁርጭምጭሚት ነው። ዛሬ የተጫዋች ቁጥርና የሜዳ ልክ ተወስኖለታል፤ ድሮ ግን መንደር ከመንደር ሲገጥም ስንት ሰው እንደገባ የሚቆጥር አልነበረም። በዚያ ቀን ጌታ በሎሌው ዱላ ቢመታም መቆጣት አይችልም ነበር። በሌላ ቀን ቢሆንማ... እሱን ተዉት።

ሰው እንዲህ ያለ ነገር ለምን ይወዳል? የተለመደው መልስ «ለጦርነት መለማመጃ ነው» የሚል ነው። ለጉግስ ይሠራ ይሆናል፤ ለገና ግን አይዋጥልኝም። ሥላሴ ካቴድራል ግቢ ውስጥ አርበኞች ተቀብረዋል። እነሱን የገጠማቸው ጠላት እንዲሞቱለት ነበር የሚፈልገው። ገና ላይ እግርህን የመታህ ልጅ ግን ማታ አብሮህ ጠላ ይጠጣል።

ደስታው ያለው እዚያ ጋ ይመስለኛል። የሚመታህ ሰው ክፉህን አይፈልግም፤ አንተም እንደምትመታው ያውቃል፤ ወድቀህ ስትነሳ ደግሞ ሰውነትህን ካሰብከው በላይ ጠንካራ ሆኖ ታገኘዋለህ። ሌላው ኑሯችን እንዲህ አይደለም። የቤት ኪራይ ሲጨምር ፊሽካ የሚነፋ ዳኛ የለም። በ2016 ዶሮ ማነቂያ ሲፈርስም አልነበረም። እኔ ራሴ ቀኑን ሙሉ ኮድ ስጽፍ እውልና፣ ማንም ሳይነካኝ፣ ማታ ሲደበደብ እንደዋለ ሰው ዝዬ እገባለሁ። ሕግ ያለው፣ መጀመሪያና መጨረሻው የሚታወቅ ምት ቅንጦት ነው።

ይህን ሁሉ እንዳስብ ያደረገችኝ ቨርጂኒያ ያለችው አክስቴ ናት። የ16 ዓመት ልጇ የትምህርት ቤቱ የአሜሪካ ፉትቦል ቡድን ውስጥ ልግባ ብሎ የወላጅ ፈቃድ ፎርም አምጥቶላታል። (ኳሷን በእጅ ይዘው እየሮጡ «ፉትቦል» ማለታቸውን አክስቴ እስካሁን አልተቀበለችውም።) ጨዋታው ባጭሩ 11 ለ11 ነው፤ 10 ያርድ፣ ማለትም 9 ሜትር ገደማ፣ ወደፊት ለመግፋት አራት ሙከራ ይሰጥሃል፤ በየሙከራው ሰው ከሰው ይላተማል። «አንተ ኢንጂነር ነህ፣ ይሰማሃል፣ አስተወው» አለችኝ። ደወልኩለት። ለምን እንደሚወደው ስጠይቀው «ስትጋጭ ጭንቅላትህ ውስጥ ያለው ሁሉ ዝም ይላል» አለኝ። በምን አፌ ላስተወው?

ችግሩ ያለው ግን እዚያው ጭንቅላት ውስጥ ነው። እ.ኤ.አ. በ1905 ልጆች ሜዳ ላይ እየሞቱ ሲያስቸግር፣ ፕሬዚዳንት ቴዎዶር ሩዝቬልት የሀርቫርድን፣ የዬልንና የፕሪንስተንን ሰዎች ኋይት ሐውስ ጠርተው ነበር፤ በዓመቱ ሕጉ ተለወጠ፣ ኳስ ወደፊት መወርወርም ተፈቀደ። የሚታይ ጉዳትን ሕግ ሊያርመው ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2002 ናይጄሪያዊው ሐኪም ቤኔት ኦማሉ ፒትስበርግ ውስጥ ያገኘው ግን የማይታየውን ነው። በ50 ዓመቱ የሞተውን የቀድሞ ተጫዋች የማይክ ዌብስተርን አንጎል መርምሮ ከተደጋጋሚ ምት የሚመጣ ጉዳት አየ። (የዊል ስሚዝን ፊልም ያያችሁ ታስታውሳላችሁ።) የሚያስፈራው አንዱ ትልቅ ምት ብቻ አይደለም፤ ለዓመታት የተጠራቀመው፣ ተጫዋቹ ራሱ ከምት የማይቆጥረው ትንንሹም ነው። የሙያ ጓደኞቼ ይገባቸዋል፦ ሰርቨር የሚጥለው ሁልጊዜ ድንገተኛ ጭነት አይደለም፣ ማንም ሳያየው ቀስ በቀስ የሚያልቅ ሜሞሪም ይጥለዋል።

ገና በዓመት አንዴ ነው። ትጫወታለህ፣ ያብጥሃል፣ ዳቦህን ትበላለህ፣ እስከ ዓመቱ። የአክስቴ ልጅ ግን በየሳምንቱ ጨዋታ አለበት፣ በመሃል ልምምድ አለ፣ ከተሳካለት ደግሞ ኮሌጅ አለ፤ ከዚያ በላይ ያለው በሱፐር ቦውል ማስታወቂያ ገንዘብ የሚንቀሳቀስ ዓለም ነው። «ይጠቀሙብሃል» ልለው ነበር፣ ተውኩት። ውሸት ባይሆንም እሱ የነገረኝን አያፈርሰውም። ደስታው የራሱ ነው። ስንት ጊዜ እንደሚመታ የሚወስነው ግን እሱ አይደለም፤ አሠልጣኙ፣ የውድድሩ ፕሮግራምና ትኬት የገዛው ሰው ናቸው። በ16 ዓመቱ «እሺ» የሚለው ደግሞ 50 ዓመት ስለሚሞላው አንድ ሰውዬ ነው፤ ያንን ሰውዬ አንድም ቀን አላገኘውም።

አክስቴን «ከልክይው» አላልኳትም። አሠልጣኙን፣ በሳምንት ስንት ቀን በሙሉ ኃይል እየተጋጩ እንደሚለማመዱ፣ ጭንቅላቱን የተመታ ልጅ ወደ ሜዳ ይመለስ የሚለውስ ማን እንደሆነ ጠይቂው አልኳት። «በእንግሊዝኛ ጻፍልኝ» አለች። ጻፍኩላት። ፎርሙ እስካሁን ሳይፈረም ፍሪጁ ላይ ተለጥፏል፤ ልጁ ጠዋት ጠዋት ወተት ሲያወጣ ያየዋል።