የመቀጮ እኩልነትና የነፍስ ክብር

ሕግ ለሰው ሁሉ አንድ መሆን እንደሚገባው የሚጠራጠር የለም። ነገር ግን አንድነቱ በምን ይመዘናል? በሚከፈለው ገንዘብ ቍጥር ነውን፥ ወይስ ገንዘቡ በከፋዩ ትከሻ ላይ በሚያሳርፈው ሸክም? ሁለት ሰዎች ኦቶሞቢላቸውን ከተወሰነው ፍጥነት በላይ ሲነዱ ተይዘው እኩል ገንዘብ ቢቀጡ፥ አንደኛው የልጆቹን ቀለብ ያጣል፤ ሁለተኛው ግን ከኪሱ የጎደለውን እንኳ ሳያውቀው መንገዱን ይቀጥላል። ለፊተኛው ቅጣት የሆነው ነገር ለኋለኛው የመፍጠኛ ዋጋ ሆነ ማለት ነው።

ይህን ነገር አስቀድመው ካሰቡበት አገሮች አንዲቱ ፊንላንድ ናት። በፈረንጆች አቆጣጠር በ1921 ዓ.ም. «የቀን መቀጮ» የተባለውን ሥርዓት በሕግ አቆመች፤ በዚያ ዘመን የገንዘብ ዋጋ እጅግ ስለ ወደቀ በቍርጥ የተጻፈው መቀጮ ኃይሉን አጥቶ ነበርና። ስዊድን በ1931፥ ዴንማርክም በ1939 ዓ.ም. ተከተሏት።

ሥርዓቱ ሁለት ሚዛን አለው። ፊተኛው የጥፋት ሚዛን ነው፤ በደሉ በከበደ መጠን የቀኖቹ ቍጥር ይበዛል፥ በዚህም ባለጠጋና ድኻ አይለዩም። ሁለተኛው የአቅም ሚዛን ነው፤ ግብር ከተከፈለ በኋላ ከሚቀረው የወር ገቢ 255 ዩሮ ይነሣና የተረፈው ለ60 ይካፈላል፤ ቤተ ሰብ ለሚያስተዳድርም ጥቂት ይቀነስለታል። እንግዲህ ብቻውን የሚኖርና በወር 1,455 ዩሮ የሚደርሰው ሰው የአንድ ቀን መቀጮው 20 ዩሮ ሲሆን፥ 12,255 የሚደርሰው ግን 200 ይሆንበታል። ለአንድ ዓይነት ጥፋት 12 ቀን ቢፈረድባቸው ያኛው 240፥ ይህኛው 2,400 ይከፍላል። ከተወሰነው ፍጥነት ጥቂት ብቻ ያለፈ ሰው መቀጮው ለሁሉ ቍርጥ ነው፤ ገቢ የሚመረመረው በሰዓት ከ20 ኪሎ ሜትር በላይ ያለፈ እንደ ሆነ ነው።

በ2023 ዓ.ም. በፊንላንድ ኦላንድ ደሴቶች አንድ ባለጠጋ 50 በተወሰነበት መንገድ በ82 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ሲነዳ ተገኝቶ 121,000 ዩሮ ተቀጣ። ወሬው በዓለም ሁሉ ሲሰማ ብዙዎች «ይህስ ፍርድ ሳይሆን በሀብት መቅናት ነው» አሉ። የእነዚህም ሰዎች ክርክር በቀላሉ የሚጣል አይደለም። በኦሪት ዘፀአት ምዕራፍ 30 እንደ ተጻፈው፥ ሕዝቡ በተቈጠረ ጊዜ እያንዳንዱ ሰው ለነፍሱ ቤዛ ግማሽ ሰቅል እንዲሰጥ ታዝዞ ነበር፤ ባለጠጋው እንዳይጨምር፥ ድኻውም እንዳያጐድል ተከልክሏል። ታዲያ ባለጠጋው ስለ ምን ይበልጥ ይከፍላል?

ነገር ግን ይኸው ሕግ በኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 5 ስለ ኃጢአት መሥዋዕት ሲናገር ሌላ ሥርዓት ይሠራል። የሚችል ከመንጋው በግ ወይም ፍየል ያመጣል፤ ይህን ያጣ ሁለት ዋኖሶችን ወይም ሁለት የርግብ ግልገሎችን፤ ያንም ያጣ ጥቂት መልካም ዱቄት ያቀርባል። ሁለቱ ትእዛዞች አይጋጩም። የነፍስ ክብር በተነገረበት ስፍራ ሁሉ እኩል ሆነ፤ የበደል ካሣ በተነገረበት ግን ሸክሙ በአቅም ተለካ።

የመንገዱም ነገር እንዲሁ ነው። መንገድ የሚሻገረው ሕፃን ነፍሱ አንዲት ናት፤ የሚገጨው ባለጠጋ ቢሆን ድኻ ቢሆን ዋጋዋ አይለወጥም። በ82 የሚሮጥ ኦቶሞቢል በ50 ከሚሄደው ከሁለት እጥፍ ተኩል በላይ የመምታት ኃይል አለው፤ ብረቱም የባለቤቱን ሀብት አያውቅም። እንግዲህ ለሁሉ እኩል የሆነችውን ነፍስ ለመጠበቅ፥ ማስጠንቀቂያው በሁሉ ልብ እኩል እንዲሰማ ያስፈልጋል። እኩል እንዲሰማ ደግሞ የገንዘቡ ቍጥር መለያየት ግድ ይሆናል።

ይሁን እንጂ መቀጮ ብቻውን ልብን ያቀናል ብሎ ማሰብ ስሕተት ነው። ያ የተቀጣው ሰው ከዚያ በፊትም በዚሁ ዓይነት ጥፋት ብዙ ሺሕ ዩሮ ከፍሎ ነበር። የሄልሲንኪ ከተማ በ2025 ዓ.ም. በ12 ወራት ውስጥ በመንገዶቿ አንድ ሰው እንኳ በአደጋ አለመሞቱን ባስታወቀች ጊዜ፥ ምክንያቱን ለመቀጮ ብቻ አልሰጠችም፤ ከግማሽ በሚበልጡት ጎዳናዎቿ ፍጥነቱን ወደ 30 አውርዳ፥ መንገዶቿንም ለእግረኛ እንዲመቹ አድርጋ ሠርታ ነበርና።

በአገራችን በቀድሞ ዘመን «በሕግ አምላክ» የተባለ ሰው እርምጃውን ይገታ ነበር። የሚቆመውም ኪሱን ዳብሶ፥ ዋጋውን አስልቶ አልነበረም፤ የተጠራበትን ስም ፈርቶ ነው እንጂ። የፍጹም ሕግ ኃይል ይህ ነው። ሰው ሁሉ እስከዚህ እስኪደርስ ድረስ ግን ዳኛ መቀጮን በአቅም ቢለካ፥ ባለጠጋውን አልበደለም፤ ከሕግ በላይ ነኝ ብሎ ከማሰብ መልሶ ከወንድሞቹ ጋር እኩል አቆመው እንጂ።